ለኤሌኒ ቋንጣ የተቀመጠ እንጨት

ቦንጋ ላይ ደረቅ እንጨት ያለው ሰው ሀብታም ነው። ክረምቱ አልወጣም ብሎ እስከ ጥቅምት ይጎተታል፤ ውጭ የተሰቀለ ሥጋ ሻጋታ እንጂ ቋንጣ አይሆንም። ስለዚህ የምናደርቀው በጭስ ነው። ጭሱ ደግሞ እንደ እንጨቱ ነው። ይህን የማያውቅ የቦንጋ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። አለ። ባሌ ነው።

ልጃችን ኤሌኒ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ መቀሌ። ከቦንጋ መቀሌ! በካርታ ሲያዩት እንኳ ያደክማል። እንደምታልፍ አውቅ ስለነበር ስንቋን ማሰብ የጀመርኩት አምና ነው። ሺሺንዳ ያለው የአባቴ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱን ለምኜ አስመጣሁ። የቡና እንጨት ፍሙ ጠንካራ፣ ጭሱ ለስላሳ ነው። የበቀለበትን የዛፍ ሽበት ከነቅርፊቱ በቢላዋ ፋቅኩ፤ እሱ አብሮ ከጨሰ ሥጋው ይመራል። ፈልጬ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ደረደርኩት። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አላስደረስኩም። ክረምቱን ሙሉ በእርጥብ ማገዶ እፍ እያልኩ ዓይኔ ሲቃጠል ያን ክምር አልነካሁትም። ባሌ ዘገዬ ይህን ሁሉ ቆሞ አይቷል።

ለመስቀል ቅርጫ ገባን። ከመደባችን ሻኛውንና ታላቁን ለዘገዬ ለይቼ አስቀመጥኩ፤ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጋሽ ገብረሚካኤልን በማግስቱ ለጥሬ ሥጋ ጠርቷል። የቀረውን ዘልዝዬ፣ ጨውና ሚጥሚጣ አሽቼ፣ ምድጃው ላይ በሽቦ ሰቀልኩትና ከቡናው እንጨት ጥቂት አምጥቼ እሳት ለኮስኩ። እስኪመሽ እያማረ ዋለ። በማግስቱ እሑድ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሳቱን ለዘገዬ አደራ አልኩት። አደራ ለማን እንደሚሰጥ አለማወቄ!

ስመለስ ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። ሰፈሩ ውስጥ አስፋልት የሚነጠፍ መሰለኝ። ማድ ቤት ስገባ ምድጃው ውስጥ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ጉማጅ ይነዳል፤ ሥጋው ጥቀርሻ ለብሷል።

«ዘገዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

«እንጨት ነዋ!» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «እንዲህ ያለ ደረቅ እንጨት ቦንጋ ላይ አታገኚም። መስመር ሲቀይሩ የጣሉት የመብራት ፖል ነው። ቆራርጬ አመጣሁልሽ።»

የመብራት ፖል! ምስጥ እንዳይበላው ጥቁር ዘይት ያጠጡት እንጨት! ምስጥ ያልደፈረውን ልጄ ትብላው?

«የኔስ እንጨት?»

አቀረቀረ። ወጥቼ የጣሪያውን ሥር ባየው አንድ ስንጥር አልቀረም።

«ለጋሽ ገብረሚካኤል ላክሁላቸው፤ በጋሪ። የመስቀል ስጦታ ነው። ይሄ ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት ለውጥ መጥቶ የለ እንዴ? የሥራ ሂደት ባለቤት የሚሾሙት እሳቸው ናቸው። ሰው ባዶ እጁን ይቀርባል?»

ደሜ ፈላ። ሰው ለሹመት ደጅ ይጠናል፤ እሺ፣ ይጥና! በልጁ ስንቅ ነው ደጅ የሚጠናው?

ኤሌኒ ጩኸቴን ሰምታ ገባች። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ከተሰቀለው ዝልዝል አንዱን በጥሳ አፏ ከተተች። «እማዬ፣ ይበላል እኮ፤ ትንሽ ሬንጅ ሬንጅ ቢል ነው» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አባቷ እንዳያፍር ብላ ነው።

«ትፊው! አሁኑኑ ትፊው!»

ዘገዬ ጠጅ ላምጣ ብሎ ሹልክ አለ። እኔና ኤሌኒ ያን ሁሉ ሥጋ አውርደን፣ ውሻ እንኳ እንዳያገኘው ጉድጓድ ምሰን ቀበርነው። አፈሩን ስመልስበት አለቀስኩ፤ በንዴት ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ጋሽ ገብረሚካኤል ቤት ሄድኩ። እንጨቴ ከግቢው በር ጥግ፣ ሜዳ ላይ ተገልብጦ ዝናብ ይወርድበታል። ዓመት ሙሉ ጠብታ ያላስነካሁት! ባለቤታቸው እትዬ ተሾመች ጃንጥላ ይዘው ወጡ።

«የኔ እመቤት፣ ማን እንደላከው እንኳ አላወቅንም» አሉኝ። «ባለጋሪው አራግፎ ሄደ። እኛ እንደሆንን የምናበስለው በኤሌክትሪክ ነው፤ ማንም እንጨት አልጠየቀም።»

ማንም አልጠየቀም። ቢጠየቅ እንኳ ግድ የለም፣ ፈርቶ ነው እል ነበር። ሳይጠየቅ ሰጠ!

እትዬ ተሾመች ነገሩን ስነግራቸው አዘኑ፤ ጋሪ አስጠርተው ራሳቸው አብረውኝ ጫኑ። ቤት አድርሼ እንደገና እየፈለጥኩ የረጠበውን ላዩን ጠረብኩ፤ ልቡ ደህና ነው። ምድጃውን ከነአመዱ ጠርጌ አዲስ እሳት ለኮስኩ። እሳትስ ተገኘ፤ ሥጋ ከየት ይምጣ?

ሻኛውና ታላቁ ጓዳ ተሰቅለው ነበር። ሁለቴ አላሰብኩም። አወረድኩና ዘለዘልኩት። እንደዚያ ቀን ቢላዋ እጄ ላይ ቀልሎኝ አያውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ ዘገዬ ጠጁን አቅፎ፣ ጋሽ ገብረሚካኤልን ከፊት አስቀድሞ ገባ። ጓዳ ደርሶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሥጋውስ?» አለኝ በሹክሹክታ። በአገጬ ማድ ቤቱን አሳየሁት። እንግዳው ጥቆማዬን ሳይጠብቁ ጭሱ ስቧቸው ኖሮ በሩ ላይ ቆመው ሽቅብ ያያሉ።

«ኧረ ሽታው! ይሄ ሁሉ ቋንጣ ለማን ነው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ለእሱ ተውኩለት።

«ለልጄ ነው፣ ጋሼ» አለ ዘገዬ ላቡን እየጠረገ። «ለኤሌኒ። ዩኒቨርሲቲ ደርሷት... መቀሌ ልትሄድ ነው።»

ጋሽ ገብረሚካኤል ከልባቸው ተገረሙ። «ልጅ አለህ እንዴ፣ ዘገዬ? ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ አንስተሃት አታውቅም!»

ኤሌኒ ብርሌዎቹን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ዘገዬ ወደ እኔ ዞረ፤ እንደ ወትሮዬ አንድ ነገር ብዬ እንድሸፍንለት ጠበቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ እሳቱን አስተካከልኩ።