የቀዩ መኪና ጭስ

ሰውየው ጎበዝ መካኒክ ነበር። ሰፈሩ ግን በስሙ አይጠራውም፤ «አነፍናፊው» ነው የሚለው። መኪና ይዘውለት ሲመጡ እንደ ሌላው መካኒክ ኮፈኑን ለመክፈት አይሮጥም። መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሮ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ቁጢጥ ይላል፤ መዳፉን ዘርግቶ ጭሱን ይቀበልና ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ «ቤንዚን በዝቶበታል» ወይም «ዘይት ይበላል፤ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል» ይላል። ሞተሩ ሲፈታ ያው እሱ ያለው ሆኖ ይገኛል። አጥር የሚጋራው ቀለም ቀቢ፣ «አንተን እኮ ኤርፖርት በር ላይ ቢያቆሙህ፣ ውሾቹን ሁሉ ጡረታ ባወጣሃቸው ነበር!» እያለ ያበሽቀዋል። እሱም ይስቃል። በዚህ ቅጽል ስሙ ግን በሆዱ ይኮራ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ የሰው ልጅ ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ በጽኑ ታመመ። ትኩሳቱም፣ ሳሉም፣ አልጋ ላይ መዋሉም አለፈ፤ አፍንጫው ግን አብሮት አልዳነም። ይህን ያወቀው ጋራዡ ውስጥ ነው። አንድ ጀሪካን ከፍቶ፣ ውሃ መስሎት፣ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ዓይኑን አቃጠለው። ቤንዚን ነበር። የጀሪካኑ አፍ ላይ ተደፍቶ አሸተተው፤ ምንም። የተቃጠለ ዘይት የነካ ጨርቅ አነሳ፤ ምንም።

ለማንም ትንፍሽ አላለም። «ይመለሳል» አለ ለራሱ። እስኪመለስ ድረስ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ እየነቀለ ቀለሙን በማየት፣ የሞተሩን ድምፅ በማዳመጥ ሥራውን ቀጠለ። ሰው እንዳይነቃበት ግን እንደ ድሮው ቁጢጥ ይላል፣ መዳፉን ይዘረጋል፣ ጭሱን ወደ ፊቱ ያስጠጋል። ባዶ መዳፍ ማሽተት፣ እንግዲህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው፤ ልብስ ሰፊ። ባሏ በድንገት ሞተባት። ልጅ አልነበራቸውም። ባልየው ያለ የሌለ ፍቅሩን ያፈሰሰው በስፖርት መኪና ላይ ነበርና ሁለት ትቶላት ሄደ። አንዱ ቀይ ነው፤ ያረጀ፣ ሞተሩ ሰፊ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። ሌላው ብርማ ነው፤ ባልየው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የገዛው፣ ሞተሩ ትንሽ ሆኖ ቱርቦ ያለው።

እህቱ አንድ ቀን ጋራዡ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም ማቆየት አልችልም» አለችው። «የዓመቱ ግብር ሊገድለኝ ነው። አንዱን ልሽጥ፣ አንዱ ይቅርልኝ። የትኛው እንደሚሻል አንተ ንገረኝ።»

«አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ?» አለች። ዓይኗ ግን ቀዩ ላይ ነበር። እሱም አየ።

«እንግዲያው እንፈትናቸዋለን» አለ።

የእሱ ፈተና ቀላል ነው። የሁለቱንም ታንክ እስከ አፉ ይሞላል፣ በየተራ ከከተማው ውጭ እስካለው ዳገት ነድቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ታንኩን እንደገና ሞልቶ የጎደለውን ያያል። እህቱ አብራው ተቀመጠች። ብርማው ዳገቱን እንደ ጥይት ሲወጣው በሩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ቀስ በል አንተ ሰውዬ! መኪና አሽጥልኝ አልኩህ እንጂ እኔን ቅበረኝ አልኩህ?» ብላ ጮኸች። እሱ በሳቅ መሪውን ሊስት ነበር።

ከዳገቱ ሲመለሱ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በነዳጅ ብርማው ረታ፤ ቀዩ ያንኑ መንገድ ሄዶ እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ቤንዚን ጠጥቷል። በጉልበት ቀዩ ይበልጣል እንዳይባል፣ ቱርቦው ትንሹን ሞተር ከትልቁ እኩል አድርጎታል። ግብሩም የሚቆረጠው በሞተር ስፋት ስለሆነ እዚያም ብርማው ይሻላል። መካኒኩ አንድ በአንድ ሲያስረዳት እህቱ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። እየነቀነቀች ሄዳ ሄዳ አንገቷ እንደተደፋ ቀረ።

«በቃ ቀዩ ይሸጣላ» አለች፤ ድምጿ ቀጥኖ።

«ቆይ፣ ጭሱ ቀርቷል» አለ። «ያረጀ መኪና ጭሱ ንጹህ ከሆነ ግብሩን በግማሽ ያወርዱለታል። አንቺ እንደሆነ አልፎ አልፎ ነው የምትነጂው፣ ቤንዚኑ አይጎዳሽም። ጭሱ ንጹህ ከሆነ ቀዩም ያዋጣሻል።»

ቀና አለች። «እስቲ እየው ጋሼ።»

ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ ዞረ፤ ቁጢጥ አለ። መዳፉን ዘረጋ። ጭሱ ሞቀው፣ እጁንም ትንሽ አረጠበው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ምንም። ለዓይን የሚታይ ነገርም የለም፤ የሚቃጠል ዘይት ደግሞ ጭሱ ሰማያዊ ከመሆኑ በፊት ቀድሞ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ከኋላው እህቱ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። «የምርመራ ጣቢያው መሣሪያ ይየው» ማለት ይችል ነበር። ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ወረፋ መያዝ ብቻ ነው። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲህ ካለ «ለምን? አንተ እያለህ?» ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ምን ሊላት ነው? ደግሞስ ይህን ሞተር አማቹ በሕይወት ሳለ ራሱ አይደል ያስተካከለው? ያኔ ንጹህ ነበር።

«ንጹህ ነው» አለ።

እህቱ ወደ መኪናው ጠጋ አለች። «እርግጠኛ ነህ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው?»

ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ያቺ ሳቅ አፉን ዘጋችው።

ብርማው ሳይውል ሳያድር ገዢ አገኘ። አንድ መድኃኒት ሻጭ መጥቶ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ይዞት ሄደ።

ግብሩ ሊከፈል ሲቃረብ መካኒኩ ቀዩን ወደ ምርመራ ጣቢያው ወሰደው። መርማሪው ቱቦውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትቶ መሣሪያውን አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወጣ።

«አባባ፣ ይሄ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ከጀመረውም ቆይቷል» አለ። የመካኒክ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና ጨመረ፤ «እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት መሰለኝ። አልሸተተዎትም?»

መካኒኩ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ብቻ ተቀበለ።

ሞተሩ ወርዶ ፋሻው ሁሉ ካልተቀየረ መኪናው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። የከተማውን የመለዋወጫ ሱቅ አንድም ሳያስቀር ዞረ። አንዱ «ይሄ መኪና ዛሬም አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት፤ ሌላው «እሱን የሚሠራው ፋብሪካ ራሱ ረስቶታል» አለው። እህቱ ደግሞ መንገድ ላይ መውጣት ለተከለከለ መኪና ሙሉ ግብር መክፈል አትችልም። ለእሷ የነገራት «ሞተሩ ሳይታሰብ ተበላሸ» ብሎ ብቻ ነው። እሷም አልጠየቀችም። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ቀዩን መኪና እያፈራረሱ ዕቃውን ለሚቸረችሩት መስጠት።

ሊወስዱት የሚመጡበት ቀን ጠዋት እህቱን ቤት አጣት። ግቢው ጀርባ ሲሄድ ቀዩ ውስጥ፣ መሪው ጋ ተቀምጣለች፤ ጉንጯን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደግፋለች። እንዳየችው በእጇ ጠራችው።

«ና እስቲ ጋሼ፣ እዚህ ጋ አሽትት።»

«ምኑን?»

«እሱን ነዋ! ሳሙናው አለ፣ ያ ፀጉሩን የሚቀባው ነገር አለ። ከልብሱ እንኳ ጠፍቶ እዚህ ብቻ ነው የቀረው። ብርማውማ አዲስ ነበር፣ እሱ ብዙ አልነዳውም፣ ምንም የለውም። ለማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚወራው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ቀዩን የፈለግኩት ለዚህ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወንበሩ ላይ አደረገ። የወንበሩ ቆዳ በጉንጯ ሙቀት ሞቅ ብሏል። ሌላ ምንም የለውም።

«ይሸትሃል አይደል?»

«አዎ» ማለት ከምንም የቀለለ ነበር። እንደዚያ ቢላት ቀኑም በደህና ያልፍ ነበር። ግን ያችን «ንጹህ ነው» ያለባትን ቀን አስታወሰ፤ ሁለተኛ መዋሸት አልሆንለት አለ።

«አይሸተኝም» አላት።

«ጠጋ በላ!»

«እቴ፣ ምንም ነገር አይሸተኝም። ከታመምኩ ጀምሮ።»

ዞራ አየችው። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ከፊቷ ላይ ይነበባል።

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

«ታዲያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ።»

«እኔን?» አለች። «እኔን አፍረህ?»

እሱ ጎማው ላይ ያለውን ጭቃ በጫማው ጫፍ ፈቀፈቀ። እህቱ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደፊት፣ ወደ ግቢው ግንብ ስታይ ቆየች።

«እኔ ሸትቶኝ ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ቁጢጥ ብለህ ሳለ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አንተ ንጹህ ነው ስትል ግን፣ የኔ አፍንጫ ነው የተበላሸው አልኩ። ለቅሶው ነው አልኩ። አንተ ካልክማ አልኩ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ተነስታ ወጥታ፣ በሩን እንዳይጮህ አድርጋ ዘጋችው።

የሚጎትተው መኪና መጣ። ሾፌሩ ጨዋታ አዋቂ ቢጤ ነበር፤ «እንዲህ ያለ ቆንጆ ለኔም ዳሩልኝ!» ሲል ማንም ስላልሳቀለት ሥራውን ያዘ። ሰንሰለቱን አሰረ፤ ከውጭ ሆኖ መሪውን ለማቃናት እንዲመቸው የሾፌሩን በኩል መስኮት አወረደው። መኪናው ተጎትቶ ተጭኖ ካለቀ በኋላ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ ወደ ጋቢናው ሊወጣ ሲል እህቱ ተጠጋችው።

«መስኮቱን ዝጋልኝ።»

«እትዬ፣ ሊፈርስ የሚሄድ መኪና እኮ ነው። ቢከፈትስ ምን ይሆናል?»

«ዝጋልኝ አልኩህ።»

ሾፌሩ መካኒኩን አየውና ወጥቶ ዘጋላት። መካኒኩ በወዲያኛው ጎን ዞሮ የሚጎትተው መኪና ላይ ወጣ። በዚያ በኩል ያለው መስኮት ጣት የምታህል ክፍተት ነበረችው። እጀታውን እያዞረ ወደ ላይ አወጣው፤ አልደርስ ሲለው መስታወቱን በመዳፉ ደግፎ፣ ግጥም እስኪል ድረስ ገፋው።