በምን ለካሽው?

ይመኙሻል በ1999 ዓ.ም. ሰቆጣ ባለ አንድ የልማት መሥሪያ ቤት ውስጥ ብቸኛዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ምርጥ ዘር የሚፈልጉ ገበሬዎችን የሚመዘግብ ሶፍትዌር አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሠርቶ አምጥቶ ሙከራ ላይ ነበር። ርክክቡ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አቶ ንብረት የሚባሉ ገበሬ ከሰሃላ ወረዳ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ባለፈው ወር ነበርኩ አይደል? አንቺው ራስሽ ነሽ ያነበብሽልኝ» አሏት በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ።

«ነበሩ፣ አባቴ። አሁን ግን ማሽኑ የለም ይላል።»

«እኔ እኮ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ!»

ይመኙሻል አፈረች። ስማቸውን በወረቀት ጽፋ ሸኘቻቸውና የፕሮግራሙን ኮድ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ምዝገባውን የሚሠራው ክፍል ሳይከፋፈል በአንድነት የተጻፈ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ መስመር ያለው ነው። «ወረዳው ዝቋላ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» እያለ መንገዱ መቶ ቦታ ይከፈላል። ድርጅቱ በቅርቡ የዝቋላን አንድ ስህተት ሲያርም፣ የመቶ አሥራ ሁለት የሰሃላ ገበሬዎችን ስም ሳያውቀው ከዝርዝሩ አጥፍቷል።

ለኃላፊዋ ለአቶ ደረሰ ነገረቻቸው። «ይህን ብናሳርም ነገ ሌላ ቦታ ይበላሻል። ኮዱ መጥፎ ነው።»

«አንቺ ከኮሌጅ ከወጣሽ ሁለት ዓመትሽ ነው» አሏት። «መጥፎ ነው አልሽ። በምን ለካሽው?»

«አንብቤው ነው።»

«ማንበብ አስተያየት ነው። ርክክቡ ላይ እንደ ባለሙያ ትፈርሚያለሽ፣ በቃ።»

እልህ ያዛት። የኮድን ውስብስብነት በቁጥር መለካት እንደሚቻል ኮሌጅ ተምራለች። ኮድ በምትጽፍበት ኢክሊፕስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ የሚሰካ፣ ፕለጊን የሚሉት መለኪያ ራሷ ልትሠራ ቆረጠች። አቶ ደረሰ ይህን ሲሰሙ «የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ለግል ጨዋታ አይደለም» ብለው ከለከሏት።

ፋኢዛ ጋ ሄደች። ፋኢዛ ገበያው ዳር የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት የልጅነት ጓደኛዋ ናት።

«ኮምፒውተሩ ያውልሽ» አለቻት። «መብራት ከሄደ ግን ጄኔሬተሩን የማስነሳው ኮፒ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው።»

«እኔም በዚያው እሠራለኋ!»

የፕለጊን መሥሪያውን ከኢንተርኔት ልታወርድ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴም መሃል ላይ ተቋረጠባት። ባሕር ዳር ላለች የክፍል ጓደኛዋ ደወለች፤ መሥሪያው የተቀዳበት ሲዲ በወልዲያ በኩል በአውቶብስ ሾፌር እጅ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ጭና መሥራት ጀመረች። ፕለጊኑን ለመሞከር ሌላ የኢክሊፕስ መስኮት ይከፈታል፤ መስኮቱ ይከፈታል፣ የእሷ ሥራ ግን የለም። ስህተቱን የሚናገር መልእክት እንኳ አይመጣም። ሁለት ቀን ሙሉ ስታገላብጥ ከርማ ችግሩን አገኘችው፤ ፕለጊኑን በሚያስተዋውቀው ፋይል ላይ የጻፈችው ስም ኮዱ ውስጥ ካለው በአንድ ፊደል ይለያል።

ቁጥሮቹ የሚሰፍሩበት የመለኪያው ሠንጠረዥ ብቅ ሲል ፋኢዛ ደንበኛዋን አቁማ መጣች። «ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ባዶ ነው እኮ!»

«አሁን እሞላዋለሁ።»

አቆጣጠሩ ከአንድ ይነሳና ኮዱ መንገድ በተከፈለ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ከአሥር ካለፈ ያሳስባል። ቁጥሩን ለማመን አሥር ቁራጭ ኮድ አትማ በእስክሪብቶ ቆጠረች። ሁለቱ ላይ ፕለጊኑ አሳንሷል፤ በ«እና» እና በ«ወይም» የተያያዙትን ሁኔታዎች እንደ አንድ ወስዷቸዋል። አረመችና እንደገና ቆጠረች። ገጠመ።

የድርጅቱን ምዝገባ ለካችው፤ መቶ ሰማንያ ስድስት። ቀጥላ ራሷ አምና የጻፈችውን የሪፖርት ክፍል ለካች፤ ሠላሳ አንድ፣ በቀይ። ፊቷ ጋለ። ከዝርዝሩ ልታወጣው ማውሱን ያዘች፤ ግን ለቀቀችው።

የርክክቡ ዕለት ጠዋት ፋኢዛ ኮምፒውተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በባጃጅ ይዛ መጣች። ከድርጅቱ የመጣው ባለሙያ ወንዳወቅ ይባላል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ደረሰ።

«መለኪያው ነዋ። በምን ለካሽው ብለውኝ አልነበር?»

ወንዳወቅ ቁጥሩን አይቶ ሳቀ። «የራስሽንስ ለክተሽዋል?»

«ከታች ይመልከቱ። ሠላሳ አንድ፤ መጥፎ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማረም ጀምሬያለሁ። እናንተስ መቼ ትጀምራላችሁ?»

ሳቁ ጠፋ። ወንበሩን አስጠግቶ አቆጣጠሩን አንድ በአንድ ጠየቃት፤ አንድ በአንድ መለሰችለት። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ክፍል የጻፈው ልጅ ከኛ ለቋል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊነካው አይደፍርም» አለ።

አቶ ደረሰ ግን እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፉት። «ይመኙሻል፣ ፈርሚ!»

«አልፈርምም። መቶ አሥራ ሁለት ሰው የጠፋበትን ነገር ደህና ነው ብዬ አልፈርምም።»

ያለ እሷ ፊርማ ርክክቡ አልተፈጸመም። ድርጅቱ ምዝገባውን ከፋፍሎ እንደ አዲስ ለመጻፍ ሁለት ወር ወሰደበት። የዚያን ክረምት የሰሃላን ገበሬዎች ይመኙሻል በእጇ መዘገበች፤ አቶ ንብረትም ዘራቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ።

እሷን ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቃት፤ የአለቃ ትእዛዝ ባለማክበር የሚል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ውዴ «ደርሶኛል ብለሽ ፈርሚበት» አለቻት።

ይመኙሻል ጻፈችበት፦ «ደርሶኛል። ጥፋተኛ ግን አይደለሁም።»

«ኧረ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም!» አለች ውዴ ደንግጣ።

«እኔ ጻፍኩት። ማኅተም አድርጊልኝና ቅጂዬን ስጪኝ።»

ውዴ በሩን አየት አደረገችና ማኅተሙን አሳረፈችበት።