በአንደኛውና በሁለተኛው መንኮራኩር መካከል

የኔታ ሕብረት ተማሪው አንዲት ፊደል አዛብቶ ከጻፈ ገጹን በሙሉ ያስደግሙት ነበር። ሻምበል ባሻ አንለይ በታንክ ጥገና ክፍል ውስጥ ቁልፉን ራሳቸው ይዘው ብሎኑን ሳይሞክሩ «ጠብቋል» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ተቀብለው አያውቁም። ሃምሳ አለቃ ኤጀታ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው የሞተር ድምፅ ያዳምጡና ሕመሙን ይናገሩ ነበር። አቶ ሙላው ከእነዚህ ሦስት ሰዎች እጅ የወጡ ናቸውና፣ በስድሳ ዓመታቸውም ጀርባቸው አልጎበጠም፤ «ይበቃል» የሚለውን ቃልም ስለ ምግብ ካልሆነ በቀር ስለ ሥራ አይናገሩትም።

ክልሉ በአዲስ መልክ ተቋቁሞ አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ የአንድ ቢሮ ሰሌዳ በሚሰቀልበት በዚያ ዘመን፣ አቶ ሙላው የመንግሥት መኪኖች ጋራዥ ኃላፊ ነበሩ። በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የሚሠራ አንድ የውጭ አገር መካኒክ ጄኔሬተሩን ስለ ጠገኑለት፣ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ምን እንዲያመጣላቸው ጠየቃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ሰዓት ወይም ሬዲዮ ይል ነበር። እርሳቸው ግን በሰውዬው ጠረጴዛ ላይ ከፕላስቲክ የተገጣጠመ ትንሽ አውሮፕላን አይተው ስለነበር፣ በውትድርና ዘመናቸው ይነዱት የነበረውን ታንክ ዓይነት በወረቀት ጽፈው ሰጡት። ከአራት ወር በኋላ ካርቶኑ በሚኒባስ ደረሰ። ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያነሰ ታንክ፣ ከሁለት መቶ በላይ ቁርጥራጭ ሆኖ። ክዳኑና የመመሪያው ወረቀት ግን በመንገድ ላይ ዝናብ ገብቶባቸው እንደ ገንፎ ሆነዋል።

ታንኩን የፈለጉት ለራሳቸው አልነበረም። በጦርነቱ ማብቂያ ዓመት ታንካቸው ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ በአንዲት የበርታ ሴት እርሻ ዳር በእሳት ተያይዞ ቆመ። ጓደኞቻቸው ተበታተኑ፤ እርሳቸው እግራቸው ተቃጥሎ ወደቁ። ብኸይታ የተባለችው የእርሻው ባለቤትና ባሏ ኻሚስ በማሽላ ጎተራቸው ውስጥ ሃያ ሦስት ቀን ደብቀው አስታመሟቸው፤ ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ እንኳ አልጠየቋቸውም። ኻሚስ ከዚያ በኋላ ሞተ። አቶ ሙላው በየዓመቱ ስኳር ቢወስዱ፣ ኩታ ቢወስዱ፣ ብኸይታ እጃቸውን ስማ ዕቃውን ትመልሳለች። ለእንግዳ የሰጡትን መልሶ መቀበል በቤቷ ነውር ነው። ስለዚህ ምስጋናው ሰባት ዓመት ሙሉ እንዳልተራገፈ ጭነት በትከሻቸው ላይ ቀረ።

አሁን የብኸይታን ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። ልጇም በወሩ የመጨረሻ አርብ ጧት ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ ልትወስዳት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መተያየት የፈጣሪ ፈቃድ ነው። ያ የተቃጠለው ታንክ ባለፈው ዓመት ለብረት ተቆራርጦ እስኪጫን ድረስ ከእርሻዋ ዳር አልተነሣም ነበር። አቶ ሙላው እንዲህ አሰቡ፦ የማይበላ፣ የማይለበስ ነገር ነውና ክፍያ ልትለው አትችልም። በጣቶቿ ዳስሳ ካወቀችው፣ በቤቷ የሆነውን አንድም ነገር እንዳልረሱ ታውቃለች። ካላወቀችው ግን የሕፃን መጫወቻ ሰጥተዋት መሄዳቸው ነው።

ለደቃቅ ሥራ ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ በግቢያቸው ቤት የተከራየውን ታምሩን ጠሩት። ታምሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የቴክኒክ ሥዕል መምህር ነው፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ አንደበቱም የማያርፍ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይሠሩ ነበር። መመሪያ ስለሌለ መመሪያው የአቶ ሙላው ትዝታ ነበር። የብየዳውን ጠባሳ በጋለ መርፌ አወጡ። የመጎተቻውን ገመድ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ገመዱ። የጭስ ማውጫውን ከግራ በኩል አድርገው፣ የበሰበሰ ቆርቆሮ ፍቀው ዝገቱን ቀቡበት። የእርሻዋን ቀይ አፈር በነጠላ ነፍተው በሙጫ ውኃ ለወሱና ከሥር በብሩሽ ረጩት። ታምሩ ከትምህርት ቤት ይልቅ እዚህ ብዙ እየተማረ እንደ ሆነ ሲናገር፣ አቶ ሙላው «ትምህርት ቤትህን አትማ፤ እንጀራህ ነው» አሉት።

በመጨረሻው ሳምንት አቶ ሙላው የወፍጮ ሞተር ሊጠግኑ ወደ ባምባሲ ሄዱ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ታምሩ ፊቱ አብርቶ ተቀበላቸው። በሁለቱም ጎን ካሉት አምስት አምስት መንኮራኩሮች የፊተኛው ከሁለተኛው ራቅ ብሎ፣ የቀሩት አራቱ ግን ተቀራርበው ስላገኛቸው፣ ፕላስቲኩን ሙቀት አጣሞታል ብሎ የፊተኞቹን መያዣ በምላጭ ቆርጦ፣ በማስመሪያ ለክቶ፣ ክፍተቱን ሁሉ አስተካክሎ አጣብቆታል።

አቶ ሙላው ቁጭ አሉ። ክፍተቱ የታንኩ ተፈጥሮ እንጂ ጉድለት እንዳልሆነ ቀስ ብለው ነገሩት። ታምሩ ግን ማንም መሐንዲስ ክብደት የሚሸከሙ መንኮራኩሮችን እንዲህ አዛንፎ እንደማይሠራ አስረዳ፤ በእርሳስም ሥሎ አሳየ። በመጨረሻም አንገቱን ደፍቶ፣

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ፤ ሰባት ዓመት ብዙ ነው። ሰው የእናቱን መልክ እንኳ ይረሳል» አለ።

ከሥዕሉ ይልቅ ይህች ቃል ወጋቻቸው። እውነት ረስተው ቢሆንስ? የሚያመሳክሩበት ፎቶግራፍ የለም፤ ብረቱም ተሽጧል። ምላጩን አነሡና የግራውን ጎን መልሰው ቆረጡ፤ መንኮራኩሩንም በትዝታቸው ቦታ አጣበቁት። የቀኙ ሙጫ ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሲነኩት ሆዱ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ተዉት። በማግሥቱ ጧት በአንድ ጎኑ የእርሳቸው፣ በሌላው የታምሩ የሆነ ታንክ ይዘው ተነሡ። የሻምበል ባሻ አንለይ ተማሪ እንዲህ ያለ ሥራ ከደጅ ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቢሆንም ከኩራታቸው ምስጋናቸው በለጠ፤ ታምሩንም አብሯቸው እንዲሄድ አዘዙት።

ብኸይታ ጓዟ ታስሮ፣ መኪና እየጠበቀች፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር።

«ሙላው መጣ?» አለች በእርምጃቸው አውቃ። «አልሐምዱሊላህ። እግርህ ደኅና ነው?»

ደኅና መሆኑን ነግረው ታንኩን በጭኗ ላይ አኖሩት፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልነገሯትም። ጣቶቿ በቀኙ ጎን ሄዱ። መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ ነካች፤ እስከ መጨረሻው ደርሳ ተመለሰች። ከዚያም በጨዋ ሰው ወግ ጥሩ ዕቃ እንደ ሆነ ተናገረች፤ ለልጅ ልጇ ለኡመር መጫወቻ ይሆን እንደሆነም ጠየቀች። ታምሩ ወደ መሬት አየ።

እንደ ወትሮዋ ልትመልስላቸው ስታነሣው ዕቃው በእጇ ላይ ዞረና አውራ ጣቷ በግራው ጎን፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መንኮራኩር መካከል ገባ። እዚያው ቆመ። ጣቷን አወጣችና እንደገና አስገባች።

«እዚህ» አለች በለሆሳስ። «እዚህ የፍየል ገመድ ነበር። እኔ አሰርኩ። ሌላው ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባም። እዚህ ብቻ ይገባል። ስድስት ዓመት ጧት ጧት አሰርኩ።» ታንኩን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ይሄ የእኛ ቤት ታንክ ነው። ኻሚስ አንተን ከዚህ አወጣ።»

አቶ ሙላው ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሳሙ። በሕይወት ስለ መኖራቸው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ኻሚስ ያልተናገሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት፤ እርሷም እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ፣ ይህ ክፍያ ስላልሆነ እንደምትወስደው ነገረቻቸው። መኪናው ሲመጣ ጓዙ ሁሉ ከኋላ ተጫነ፤ ታንኩ ግን ከጭኗ አልወረደም።

ወደ አሶሳ ሲመለሱ ታምሩ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸው ነበር። ከተማው ሲታይ ቆም አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ ሙላው» አለ፣ «ክፍተቱ ትክክል ነበር። በማስመሪያዬ ተመክቼ ያላየሁትን ታንክ ላርምዎት ተነሣሁ፤ ረስተዋል ማለቴም ድፍረት ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»