የጃጁራው ቅጠል

ወረቀቱ በኮምፒውተር የተጻፈ ነበር። ከግርጌው ለፊርማ የተተወ ክፍት ቦታ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጥሩሰው በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ዝገትና ጥላሸት ያልነካው ነገር ስለሌለ የሚያሳርፍበት አጥቷል።

«ነገ ከስብከቱ በፊት ትጠራለህ። ትወጣለህ፣ ታነበዋለህ፣ ትወርዳለህ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለ።

ዕንባቆም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«እኔ ወንድማችሁ ዕንባቆም፣ ባለፈው ግንቦት አንድ ሌሊት ጌታ በታላቅ ብርሃን ጎብኝቶኝ፣ የሠላሳ ዓመት የአረቄ እስራት በቅጽበት ተበጥሶልኛል። ከዚያች ሌሊት ወዲህ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«እዚህ የተጻፈው። ደስ የሚል ሰው ነው። ባገኘው እወድ ነበር።»

ጥሩሰው ሳቅ ሞከረው፤ ሳይሆንለት ቀረ። «ወንድም ዕንባቆም፣ ቃላቱን አንዳንድ ቦታ አሳምረነዋል። ጉባኤው እንዲገባው ነው።»

«እኔ ብርሃን ያየሁት ከብየዳው ኤሌክትሮድ ብቻ ነው። ደግሞ ኅዳር ላይ ጃጁራ ሄጄ...»

«አልሰማሁም!» ጥሩሰው መዳፉን ዘረጋ። «እኔ ጃጁራ የሚባል አልሰማሁም። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ከመጨረሻዋ ጠብታ ስድስት ወር መሙላት አለበት። ኅዳር ካልክ የምትመለሰው ግንቦት ነው። የሐዳሳ ሠርግ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ። የታገደ አባት ሙሽራ ይዞ አይገባም፤ አጎቷ ሲላስ ነው የሚያስገባት። ይህን ትፈልጋለህ? ይህን ሁሉ የምለፋው ለአንተ ብዬ ነው።»

ለእሱ ብሎ እንደሆነ ዕንባቆም ያውቃል። የሚያደክመውም ይኸው ነው። ጥሩሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ቀዶ ይገላገል ነበር።

ሽማግሌው ሲወጣ ዕንባቆም በባዶ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠ። ንዴቱ እንደ ድሮው አልፈላም፤ እንደረጠበ እንጨት ውስጥ ውስጡን ጨሰ። በዚህ ከተማ ቀስ ብሎ መውደቅ ለማንም ያልተከለከለ መብት ነው። ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመለኪያ በመለኪያ ሲሰምጥ አንድም ኮሚቴ አይሰበሰብም። መነሳት ግን በአንድ ሌሊት ካልሆነ አይቆጠርም። ጉባኤው መብረቅ ለምዷል። ቀስ ብሎ የዳነ ሰው እልል አያሰኝም፤ እልል የማያሰኝ ነገር ደግሞ መድረክ አይወጣም። ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ ከታገዱት ጋር፣ የጌታ እራት ሲታደል አቀርቅሮ ሁለት ዓመት የተቀመጠው ይህን ወረቀት ለማንበብ ነበር?

እውነቱ እንዲህ ነበር። ባለፈው ግንቦት የበር ማጠፊያ ሲበይድ እጁ ተንቀጠቀጠና ማጠፊያው ተጣሞ ተያዘ። ደንበኛው አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ብየዳ ቤት ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዕንባቆም እንደ ወትሮው ወደ አረቄ ቤት ሊወርድ ቁልፉን አነሳ። ግን የተጣመመው ማጠፊያ ዓይኑ ላይ ቆሞ አላስኬድ አለው። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ከወለሉ የላሜራ ቁራጭ አነሳ፤ በመቀስ ቆረጠው፤ በመዶሻ እየጠፈጠፈ ሟች ሚስቱ ጓሮ ተክላው ከሄደችው እንሰት አንድ ቅጠል ሊያወጣ ሞከረ። አስቀያሚ ቅጠል ሆነ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ሄዶ ጠጣ።

ማንም መስማት የማይፈልገው ይህንን ነው። ከዚያ ሄዶ ጠጣ። በማግስቱም ቅጠል ሠራ፤ ጠጣም። መጠጥ አቆማለሁ አላለም፤ እሱንማ መቶ ጊዜ ብሎታል። ለራሱ የገባው ቃል ቅጠሉ ሳያልቅ ሱቁን ላለመዝጋት ብቻ ነበር። ቅጠሉ ግን እያደር ጠያቂ ሆነበት። የመሃል አጥንቱ ይውጣ፣ ጅማቱ ይታይ፣ ጠርዙ እንደ እውነተኛው ይንጠልጠል ሲል ግማሽ ሰዓቱ አንድ፣ አንዱ ሁለት ሆነ። ሰኔ ላይ አረቄ ቤት ሲደርስ ጓደኞቹ ሊነሱ ሲሉ ያገኛቸው ጀመር። ሐምሌ ላይ አንዳንድ ቀን ደክሞት በቀጥታ ቤቱ ገባ። ነሐሴን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየጠጣ አለፈው። መብራት ሲጠፋ እንኳ ሥራው አልቆመም፤ መዶሻ መብራት አይፈልግም። መስከረምና ጥቅምት ጨርሶ አልጠጣም።

ከዚያ ኅዳር መጣ። ጃጁራ የመስኮት ብረት ሊገጥም ሄዶ ያለ ወቅቱ ዝናብ ያዘው። ሮጦ የተጠለለበት በረንዳ የአረቄ ቤት በረንዳ ሆነ። ሦስት መለኪያ። በማግስቱ ቅጠሉን ሲጠፈጥፍ ላሜራው ከጠርዙ እስከ አጥንቱ ተሰነጠቀ። ሊጥለው አንስቶ ተወው፤ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው።

አሁን ሁለት መቶ ሦስት ቅጠሎች በቱቦላሬ ፍሬም ላይ ተበይደው የግቢ በር ሆነው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሰኞ ቤቱ ወስዶ ይተክለዋል። ቅዳሜ የሙሽራው የሚክያስ ወገን ከዱራሜ መጥቶ ከዚያ በር ፊት ቆሞ ይዘፍናል።

«ሰውዬው ምን አለህ?» ከማል ነበር፤ ከአጠገቡ ላሜራና ቱቦላሬ የሚሸጠው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ጎረቤቱ። «ወረቀት ይዞ ሲገባ አይቼው ገቢዎች መስሎኝ በሬን ልዘጋ ነበር።»

ዕንባቆም ወረቀቱን ሰጠው። ከማል ክንዱን ዘርግቶ እያራቀ አነበበ።

«ግንቦት? ግንቦትማ እኔና አንተ ጎፈር ሜዳ ቦይ ውስጥ ወድቀን! ተሸክሜህ ስሄድ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶ እኮ ነበር። ያን ብርሃን ብናገኘው ኖሮ ጫማዬ ይቀር ነበር?»

ዕንባቆም ሳያስበው ሳቀ። ከማል ግን ሳቁን ቶሎ ሰበሰበ፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት።

«አንብበው ወንድሜ። ልጅ የምትዳረው አንዴ ነው። አላህም ያውቃል፣ ያንተም ጌታ ያውቃል። የማያውቁት ሰዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አይጎዱም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐዳሳ መጣች። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የሠርጉ ሳምንት ሆኖ እንኳ የተማሪ ደብተር በፌስታል ይዛ ነበር። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። የመጣችበትን ሳትናገር በሩን፣ ከዚያ የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ የተቀመጠውን ወረቀት አየች።

«ጋሽ ጥሩሰው አሳይቶኛል» አለች።

«አንብበሽዋል ማለት ነው።»

«አባዬ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት።»

«የማላውቀው ሰው ዓረፍተ ነገር ናት፣ ልጄ።»

ደብተሮቹን መሬት አስቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለው ነበር።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አባትሽ የት ነው ሲሉኝ መስክ ሥራ ሄዷል ስል ኖሬያለሁ። የእማዬ ለቅሶ ላይ ስትወድቅ ስኳር አለበት አልኩ። ለእነ ሚክያስ ቤተሰብም ዋሽቻለሁ። ለአንተ ስንት ጊዜ እንደዋሸሁ ታውቃለህ? አንዲት ብትዋሽልኝ ምን አለበት?»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰዎች ብዙ ነገር ብለውታል፤ ለሁሉም አፍ ነበረው። አሁን ግን መዶሻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«እሺ» አለ።

እሑድ ጠዋት ከኋላ አግዳሚ ተነስቶ ወደ መድረኩ ሲሄድ መንገዱ ረዘመበት። ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶታል። ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ምስክርነት ሲሰማ እንደሚያደርገው ቀስ እያለ ከሥር ከሥር መጫወት ጀመረ። ሐዳሳ ከሴቶቹ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ አጠገቧ ከዱራሜ የመጡ ሁለት አክስቶች፣ የሚክያስ ወገን።

«እኔ ወንድማችሁ ዕንባቆም» ብሎ አነበበ። «ባለፈው ግንቦት...»

አንዲት ሴት ቀድማ እልል አለች።

ዓይኑ «በቅጽበት» የምትለው ቃል ላይ ደርሶ ቆመ። ጀግንነት አልተሰማውም። የተሰማው ድካም ነበር፤ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ጫፍ ሲደርስ ሌላ ጫኑበት የተባለ ሰው ድካም። ይህችን ቃል ካነበበ ቅጠሎቹ የሉም። በቅጽበት የዳነ ሰው ሰኞ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ ለማን ይናገራል? በምን አፉ ነው ደከመኝ የሚለው? ከነገ ጀምሮ ጥም እንኳ በድብቅ ሊጠማ ነው። ተደብቆ መጠማትን ደግሞ ያውቀዋል፤ መጨረሻው የት እንደሆነም ያውቃል።

ወረቀቱን አጠፈው።

«በቅጽበት አይደለም» አለ። ማይኩ ጮኸ፤ አራቀው። «ትንሽ ትንሽ ነው። ገና እየተውኩ ነው። ኅዳር ላይ ጃጁራ ጠጥቻለሁ፤ ሦስት መለኪያ። ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። ዛሬም አልጠጣሁም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ኦርጋኑ «ጃጁራ» የምትለው ቃል ላይ ቆሟል። እልል ያለችው ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ጥሩሰው ተነስቶ «እንጸልይለት» አለ፤ ጉባኤው እፎይ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ዕንባቆም አልጨፈነም። ሐዳሳ ከረድፉ ወጥታ፣ የማንንም ፊት ሳታይ፣ በጎን በር ስትሄድ አያት።

በኋላ ግቢው ውስጥ ጥሩሰው ክንዱን ያዘው። «ምን አደረግኸን?» አለ፤ ቁጣ ሳይሆን ኀዘን ነበር። «በቃ፣ ግንቦት ነው። ሲላስ ያስገባታል።»

ቤቱ ሠርገኛ ሞልቶታል፤ ሴቶቹ ለቅዳሜው አተካና፣ ለቡላው ምግብ፣ ቅቤ እያነጠሩ ነው። ወደዚያ መግባት አልቻለም። ከተማዋን ሲዞር ዋለ፤ ከሌሞ ገጠር የመጡ ጋሪዎች ባዷቸውን ሲመለሱ አየ፤ ጉልበቱን አመመው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ራሱን መገንጠያው ላይ አገኘው። በግራ ቁልቁለቱ ወደ አረቄ ቤቱ ይወርዳል። በቀኝ ሱቁ ነው፤ እሑድ ደግሞ ሱቁ ዝግ ነው፣ እሑድ ቅጠል አይሠራም። ቆመ። ቁልቁለት ለደከመ ጉልበት ምን ያህል እንደሚመች አሰበ። ረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር፤ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፍቶበት እስኪነሳ ድረስ።

በቀኝ ዞረ።

የሱቁ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሐዳሳ ቤት የሚቀመጠውን የሱቁን መለዋወጫ ቁልፍ ይዛ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን እንደለበሰች፣ ከብረቱ በር ፊት ቆማለች። ዞራ አላየችውም።

«የጃጁራው የትኛው ነው?» አለች።

በየቀኑ አንድ ቅጠል እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ምን እንደምትጠይቀው ገባው። ቀረብ ብሎ ከመያዣው ጎን፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጣቱን አኖረ። ከጠርዙ እስከ አጥንቱ የተሰነጠቀው። ጣቷን በስንጥቁ ላይ አስሄደችው።

«ስለት አለው።»

«አልሞረድኩትም።»

«ቀሚስ ይይዛል። የሙሽራ ቀሚስ ይቀድዳል፣ አባዬ።»

«ነገ እሞርደዋለሁ።»

ስንጥቁን እንደገና ነካችው። «ተወው፤ ተጠንቅቄ አልፋለሁ» አለች።

ውጭ መንገዱ ላይ ሰው እየሳቀ አለፈ። ሐዳሳ በቀለም ጣሳው ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች።

«ተናድጄብሃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ለአጎቴ ለሲላስ ደውዬ ለሠርጉ ና፣ እኔን ግን ይዘህ አትገባም ብየዋለሁ።»

«ታዲያ ማን ያስገባሽ?»

«ማንም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አንተ ታደርሰኛለህ፤ እስከ በሩ አልከለከሉህም። ከዚያ ብቻዬን እገባለሁ።»

«የዱራሜ ሰዎች ይጠይቁሻል።»

«ይጠይቁ። መስክ ሥራ ሄዷል ማለት ደክሞኛል።»

ዕንባቆም ከጥግ የላሜራ ቁራጭ አነሳ፤ መቀሱን ፈለገ።

«ዛሬ እሑድ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሰዓቱ ከብዶኛል።»

ቆርጦ ሲጨርስ ቁራጩ በግራ እጁ ውስጥ መርገፍገፍ ጀመረ፤ ከብረቱ ጠርዝ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ለሁለቱም ተሰማ። ሊደብቀው ወደ መቀጥቀጫው መስፍ ዞረ። ሐዳሳ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ተነሳች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ላሜራውን ከእጁ ወሰደችና በሁለት እጇ መስፉ ላይ ወጥራ ያዘችው። የቀለበት ጣቷ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነበር።

«ምታ» አለች። «ግን እጄ እዚህ ነው።»

ዕንባቆም መዶሻውን አነሳ። ከትከሻው በላይ ይዞት ቆመ፤ እጁ ጸጥ እስኪል ጠበቀ።