ሳንኮቾው ለትንንሾቹ

ኔሬይዳ ዊልኪንን ስታገባ ቋንቋ ያጣላናል ብላ አላሰበችም። እሱ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ እሷ ኩባ ቢወለዱም ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በስፓኒሽ ነው። ዊልኪን ኩባ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ዛሬ አጎቷ ኤሊዬሴር ይመጣሉ። ኔሬይዳ በጓሮዋ የምታረባቸው አሳማዎች የእሳቸው ናቸው። ከአርባ ቀን በፊት፣ ስምንቱ ግልገሎች ጡት የጣሉ ሰሞን፣ "እነዚህ ሁለቱ ጭራሮዎች አያድጉም፤ መኖ ከሚጨርሱ ይታረዱ" አሉ።

"እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ፣ በትልልቆቹ አሳማዎች እየተገፋ ማን ያድጋል? አርባ ቀን ይስጡኝ!" አለች ኔሬይዳ።

"በይ ፍራሽም አንጥፊላቸው!" ብለው ስቀው ሄዱ።

የሩዝ ገለባ አነጠፈችላቸው። ግልገሎቹን ከትልልቆቹ አሳማዎች ለየቻቸው። ስምንቱም ሳይጋፉ ጎን ለጎን ቆመው የሚበሉበት ረጅም ገንዳ ከዘንባባ ግንድ አስፈለፈለች። በቀን አራቴ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ራሷ አበላቻቸው።

"እኔን ሁለቴ፣ እነሱን አራቴ!" አለ ዊልኪን አኩርፎ።

"አንተማ አድገህ ጨርሰሃል።"

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ለዳቦ ልትሰለፍ ስትወጣ፣ "ሳንኮቾው ደርሷል፤ ለትንንሾቹ ስጣቸው" ብላው ሄደች።

ኩባ ውስጥ ሳንኮቾ ማለት ተቀቅሎ ለአሳማ የሚሰጥ የጓዳ ትርፍራፊ ነው፤ የዛሬውም ጓሮ በባልዲ ተቀምጧል። በዊልኪን አገር ግን እንግዳ የሚከበርበት የእሑድ ወጥ ነው። ምድጃው ላይ ደግሞ ለአጎትየው ምሳ የተጣደ፣ ጎደሬና ካሳቫ በዶሮ የተቀቀለበት ድስት ነበር።

ስትመለስ ድስቱ ባዶ ነው።

"ወጡስ?"

"እንዳልሽኝ ሰጠኋቸው፤ ያውም አቀዝቅዤ። ምን ጉደኛ አገር ነው ብዬ ገርሞኝ ነበር እኮ!"

ኔሬይዳ ባዶውን ድስት አነሳች። ጨው የበዛበት ነገር ግልገል ይገድላል። "ጨውስ ነበረው?"

"ቀመስኩት፣ አልጫ ነው። ስትመጪ ልወቅስሽ ነበር።"

ለካ ጨው ሳትጨምር ነው የወጣችው። ሙያዋ ተነቅፎ እንደዛሬ ተደስታ አታውቅም።

"ዶሮዋንስ?"

"እሷንማ ለራሴ አስቀረኋት። ሞኝ መሰልኩሽ?"

ብዙም ሳይቆይ አጎትየው ደረሱና በቀጥታ ወደ ጋጡ አመሩ። ግልገሎቹ እንደ ድሮው ብርድ አንዱን በሌላው ላይ አልከመራቸውም፤ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጎን ለጎን ተኝተው ያንኮራፋሉ።

"ምን አብልተሻቸው ነው እንዲህ የተነፉት?"

"የእርስዎን ምሳ!" አለ ዊልኪን ቀደም ብሎ።

"እንዲህማ ከሆነ ማንም ያሳድጋል!"

"የዛሬ ምሳ ሆድ ይነፋ እንደሆን እንጂ ቁመት አይጨምርም፣ አጎቴ። እስቲ ገብተው ገለባውን ይዳብሱት።"

ዳበሱት፤ ደረቅ ነው። መዳፋቸውን አሸተቱ።

"በሉ እንግዲህ፣ ሁለቱን ጭራሮዎች ለይተው ይውሰዱ" አለች ኔሬይዳ።

አጎትየው ጎንበስ ብለው አንዱን እግሩን ያዙት። ጋጡን በጩኸት አናጋው። ለቀቁት። ሌላውን ያዙ፤ አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ነው?"

"እኔን ይጠይቁኛል? ያኔ የለዩዋቸው እርስዎ አይደሉም?"

ሦስተኛውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አመለጣቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉ።

"ሁሉም ይቆዩ" አሉ። "ስላሸነፍሽኝ እንዳይመስልሽ፤ ዓይኔ ደክሞ ነው።"

"ግልገሎቹ ይጠግቡ እንጂ ምክንያቱ ምን ቸገራቸው" አለች ኔሬይዳ፣ የጋጡን በር ለአጎቷ እየከፈተች።