የቱልቱላ ተማሪ

እናታቸው ከሞቱ በኋላ ታላቅ ወንድሟ የቤተሰቡ ሁሉ አሳቢ ሆኖ ቁጭ አለ። ማን ሾመው? ራሱ ነዋ! የእናትየው ቤት ከከተማው ዳር ነው፤ አውቶቡስ አይደርስበትም። እሷ ደግሞ የምትሠራው መሀል ከተማ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። «መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ቤቱ ውስጥ ብቻሽን ኑሪ፤ ካላወጣሽ ይከራያል፣ አንቺም እኛ ጋ ትገቢያለሽ» ብሎ ፈረደ። እሱ ጋ ማለት ቴሌቪዥኑ፣ ልጆቹና ሚስቱ ባንዴ የሚጮሁበት ቤት ማለት ነው። እሷ እዚያ ምሳ በልታ ስትመለስ እንኳ ሲያማት ያድራል።

ሐኪም ኦቲዝም እንዳለባት የነገራት ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ወንድምየው ሲሰማ ሳቀ። «እሱ እኮ የልጆች ነው፣ አንቺ አድገሻል!» አላት። ዕውቀት ማለት እንዲህ ነው! ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሲያድጉ የት እንደሚሄዱ ግን አልነገራትም።

ቤቱን ላለመልቀቅ መንጃ ልትማር ተመዘገበች። የሾፌሮች ማሠልጠኛው የመደበላት አስተማሪ ቅጽል ስሙ ቱልቱላ ነው፤ ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። የከተማውን ግማሽ ሾፌር ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያለ ይፎክራል። ለካ የሚጋጨው ግማሽ የሱ ነው! ገና መሪውን ስትጨብጥ ይጀምራል። «ፍሪሲዮን! ልቀቂ! አትልቀቂ! ነዳጅ! ቀስ! ምን ይገትርሻል፣ ሂጂ እንጂ!» ሬዲዮው ይጮሃል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ እሱ ከሁለቱ በላይ ይጮሃል። እሷ ደግሞ ድምፅ መርጣ መስማት አትችልም፤ ሁሉም እኩል ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። እግሯ ይደነዝዝና ሞተሩ ይጠፋል።

አንድ ቀን መኪናውን ጥግ አስይዛ፣ «አስተማሪ፣ የሚነግሩኝን ሁሉ ቆመን ይንገሩኝ፤ አንዴ ከሰማሁ አልረሳም። ስንሄድ ግን እባክዎ ዝም ይበሉልኝ» አለችው።

ምን ቢል ጥሩ ነው? «እና ዝም ብዬ ነው ደሞዝ የምበላው?»

ሐቁን ለመናገር፣ ሞክሯል። እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ። እዚያ ሲደርሱ አፉ አላስቻለውም፣ የአማቱን የጉልበት ሕመም ይተርክላት ጀመር። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማም መሰለኝ።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ጥጥ ይዛ ወጣች። በሻሿ ሥር ጆሮዋን ጠቀጠቀች። የመኪና ክላክስ ይሰማታል፣ ቱልቱላ ግን እንደ ዝንብ እዝዝ ከማለት አያልፍም። እሱ ያወራል፣ እሷ ትነዳለች። «አየሽ፣ ስትሰሚኝ!» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

በፈተናው ቀን ግን ትእዛዝ መስማት ስላለባት ጥጡን አወጣች። ብትወድቅ ቤቱ ሄደ። ፈታኙን «ሐውልቱ» ይሉታል። ግራ፣ ቀኝ፣ አቁም፤ ከዚያ ውጭ ቃል አይወጣውም። አይቆጣም፣ አይስቅም፣ አያስልም። ከእሷ በፊት የገባው ጎረምሳ ላቡን እየጠረገ ወረደ። አንዲት ወይዘሮ እያለቀሰች ወጣችና፣ «ፊቱ እኮ ምንም አይነግርሽም!» አለቻት።

ለእሷ የሰው ፊት መቼ ነግሯት ያውቃል?

ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ሐውልቱ ዝም አለ። ኧረ እንዴት ያለ ዝምታ! ማር ነው። ሰው ሁሉ የሚርበደበድበት ዝምታ ለእሷ ዕረፍት ሆነላት። ዳገቱ ላይ አስነሳች፣ በሁለት መኪኖች መሀል ወደ ኋላ ገብታ አቆመች።

«አልፈሻል» አለ ሐውልቱ። ሌላ ነገር አልጨመረም፣ እግዜር ይስጠው።

መንጃ ፈቃዷን በተቀበለች ቀን ወንድምየው የእናታቸውን መኪና ይዞ መጣ። «ዕድል ነው» አላት፤ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ከበደው። መሪውን ለቆላት አጠገቧ ተቀመጠ። ገና ዋናው መንገድ ሳይገቡ ጀመረ። «ቀስ! ፍሬን! ጭነት መኪናውን አታይውም? እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር!»

ፍሬቻ አሳየች፣ በስፖኪዮው ኋላዋን አየች፣ ጥግ ይዛ አቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ወይ ዝም በል፣ ወይ ውረድ።»

ወረደ! በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ትለምነኛለች ብሎ ነው። እሷ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«የቤቱን ቁልፍ» አለችው።

ሰጣት። ምን ያድርግ? የፈረደው ራሱ ነው።