የሰው ግድግዳ

«እትዬ ባይነሽ፣ ፎቶውን ለምን አይሰቅሉትም?» አለች ሀስና፣ ዱባይ ተራ ልብስ የምትሸጠው ጎረቤት። የባይነሽ ሟች ባል የጓንጉል ፎቶ ከወንበሩ እንደገና ተንሸራቶ ነበር።

«ምስማር የለም።»

«መርካቶ ተቀምጠው ምስማር የለም ይላሉ? ሰው እንዳይሰማዎት! ከሱቅ አመጣለሁ።»

ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ፈገግታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ባይነሽ ግን በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ሰርቃ አየችው። ጁነዲን ይባላል። ደርግ ይህን ቤት የወረሰው ከአባቱ ነው። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ይመጣል፤ አይበላም፣ አያወራም፣ ግድግዳውን ያያል። ጠዋት አጠገቡ ላለው ሰው «የውርሱ ነገር…» ሲል ሰምታዋለች። ውርስ መንግሥት የነጠቀውም ነው፣ አባት የተወውም፤ የትኛውን እንዳለ አላወቀችም። የቀበሌው የኪራይ ውል ገና በሟች ስም ነው። ቢያስወጧት መሄጃ የላትም።

ጓንጉል ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ኢኮኖሚ ያስተምር ነበር። «ባለሀብቱ ሌላውን ለመቅደም ማሽን ይጨምራል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል» ይላት ነበር እራት ላይ፤ «ትርፍ የሚወለደው ግን ከሠራተኛው ነው። ምንጩን ራሱ ያደርቀዋል። ከዚያ ሶሻሊዝም ይመጣል።» ደርግ ሲወድቅ ራዲዮኑን ዘግቶ፣ «የተሳሳተው ቀኑ ነው፤ ሕጉ አልተሳሳተም» አለ። የሰፈሩ ነጋዴዎች «ጋሼ፣ ካፒታሊዝም እስካሁን አልወደቀም?» እያሉ ሲቀልዱበት፣ «ጠብቁ!» ይላቸው ነበር።

በር ሲንኳኳ ግን የቤቱ ባለቤት የመጣ ይመስል ቃሉ አፉ ውስጥ ይቀር ነበር። አዲስ ተጋብተው ሳሉ መጋረጃ ልትሰቅል መዶሻ ስታነሳ እጇን ያዛት።

«ተይው። ግድግዳው የሰው ነው።»

«የሕዝብ ነው እያልክ አይደል የምታስተምረው?»

እሱ ግን መጋረጃውን ከመስኮቱ ብረት ጋር በገመድ አሰረው።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ጁነዲን ተነስቶ ወደ እሷ መጣ።

«እትዬ፣ አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥዎ። አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።»

«ሰልስቱ እንኳ ይውጣ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አባቴ ሲሞት ጋሼ ጓንጉል ለቅሶ መጥተው በር አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። ማን እንደሆኑ አልነገሩንም፤ ኋላ ነው ያወቅነው። ሲወጡ ብቻ፣ ‹ግድግዳው እንዳለ ነው› አሉኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።» ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። «አንድ ቀዳዳ የለውም። የዚያን ቀኑን ለቅሶ ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«ቤቱስ?» አለች ሳታስበው።

ጁነዲን ጫማውን አየ። «እሱን ከአርባው በኋላ እናወራለን።»

ሀስና ምስማርና መዶሻ ይዛ ገባች። ባይነሽ ተቀበለቻት፤ ምስማሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። አልመታችም። ወደ ጁነዲን ዞረች።

«እዚህ ጋ ብመታው ይፈቅዱልኛል?»

እሱም ጎንበስ ብሎ ፎቶውን ከወንበሩ አነሳና ያዘላት።